የአዲስ አበባ እድገትና የሠርቶ አደሩ ሠፈር

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በወረቀት ላይ የወጣ የመሐንዲስ ንድፍ አልነበራትም። ይህ ማለት ግን ሥርዓት አልነበራትም ማለት አይደለም፤ ሥርዓቷ የጦር ሠፈር ሥርዓት ነበር። የንጉሡ ግቢ በከፍታው ቦታ ላይ ሲተከል መኳንንቱ በየአቅጣጫው ኮረብታ ኮረብታውን ተመሩ፤ በየመኳንንቱም መኖሪያ ዙሪያ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ እንጀራ ጋጋሪዋና ጠጅ ጣይዋ እንደ ማዕረጋቸውና እንደ ሥራቸው ሠፈሩ። ዛሬ ማንም ሰው የመኖሪያ አካባቢውን የሚጠራበት «ሠፈር» የሚለው ቃል ከዚሁ የመጣ ነው። ራስ ብሩ ሠፈር፣ ደጃች ውቤ ሠፈር፣ ዘበኛ ሠፈር፣ ገባር ሠፈር፣ ሠራተኛ ሠፈር የሚባሉት ስሞች የከተማዋ የመጀመሪያ ካርታ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከእነዚህም መካከል ሠራተኛ ሠፈር የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች የሠፈሩበት በመሆኑ፣ ሠርቶ የሚያድረው ሕዝብ በከተማዋ ውስጥ በስሙ የተጠራ ቦታ ያገኘበት ነው።

ከዚህ አሠፋፈር የተነሣ አዲስ አበባ ከብዙዎቹ የአፍሪካ ከተሞች የተለየ ጠባይ ያዘች። በናይሮቢና በሌሎችም የቅኝ ግዛት ከተሞች ነዋሪው በዘርና በኑሮ ደረጃ ተከፋፍሎ ሲሠፍር፣ በአዲስ አበባ የመኳንንቱ አዳራሽና የድሃው ጎጆ አጥር ለአጥር ተያይዘው ቆዩ። ነገሩ ከፍቅር የመነጨ አልነበረም፤ ጌታው አገልጋዩን በጥሪ ርቀት ማግኘት ስለነበረበት ነው። ይሁን እንጂ ያስከተለው ውጤት ከዘመኑ አልፎ ዘለቀ። በጉልበቱ የሚያድር ሰው ከእንጀራው ምንጭ በእግር በሚደረስ ርቀት ይኖር ነበር። የአዲስ አበባን የመኖሪያ ቤት ችግር የሚያጠና ሰው ይህን አንድ ነገር ከዘነጋ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ አይገባውም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልቁ ሥጋት የእንጨት እጥረት ነበር። በዙሪያው ያለው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ በማለቁ ዐፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደነበር ይታወቃል። ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት የባሕር ዛፍ ተክል ነው። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ከጂቡቲ የመጣው የምድር ባቡር አዲስ አበባ ደረሰ፤ የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» በሕዝቡ አንደበት ለገሃር ሆኖ ቀረ፤ ቆርቆሮና ሲሚንቶ በባቡር መምጣት ጀመሩ። ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ ሲገናኙ አዲስ አበባ ዛሬም ያልተለያት ቤት ተወለደ።

ስለዚህ ቤት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በኋላ የሚፈርሰው እርሱ ነው። ጭቃ ቤት የሚባለው ቋሚዎቹ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ማገሩም የባሕር ዛፍ ፍልጥ ሆኖ፣ ከጭድ ጋር ተረግጦ በሰነበተ ጭቃ የሚመረግ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ብዙ ጊዜ አቡጀዲ ነው። ቋሚው ያለ መሠረት በቀጥታ ከአፈር ከገባ እርጥበትና ምስጥ ከሥሩ ይጀምሩታል፤ ከድንጋይ መሠረት ላይ ከቆመና በየጊዜው ከተመረገ፣ የጣሪያውም ክፈፍ ዝናቡን ከግድግዳው ካራቀለት ግን ከአንድ ትውልድ በላይ ያገለግላል። በአዲስ አበባ የተበላሹት ጭቃ ቤቶች አብዛኞቹ የተበላሹት ጭቃ በመሆናቸው ሳይሆን ጠጋኝ በማጣታቸው ነው። በልዩ ልዩ ጽሑፎች ከከተማዋ ቤቶች ከመቶ 80 ያህሉ «የተጎሳቆለ ሠፈር» ናቸው የሚል ግምት ተደጋግሞ ሲጠቀስ ይታያል። እንዲህ ያለው ቁጥር የሚያጠናውን ሰው ሊያስጠነቅቀው ይገባል፤ አንድ ከተማ አምስት እጅ ሆኖ አራት እጁ ጉስቁል ነው ከተባለ፣ መለኪያው ስለ ከተማው ከሚናገረው ይልቅ ስለ ራሱ የሚናገረው ይበዛልና።

በሕዝቡ አሠፋፈር ላይ የመጀመሪያው የንድፍ ጣልቃ ገብነት የመጣው ከጠላት ነው። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘች በኋላ ስመ ጥሩው ለ ኮርቡዚዬ አዲስ አበባን በዐይኑ ሳያይ ንድፍ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሥራው የተሰጠው ግን ለኢኛሲዮ ጉይዲና ለቼዛሬ ቫሌ ነው። የፕላኑ ዋና ሐሳብ ነጩንና ጥቁሩን መለየት ነበር። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ፤ «የአገሬው ሰው ገበያ» የተባለው ይኸው ቦታ ዛሬ መርካቶ ነው። ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች የተሠሩት ቤቶች ድርጅታዊ ስም ካዛንችስ ሆኖ ሲቀር፣ ለተራው ኢጣልያዊ የታሰቡት ደግሞ ፖፖላሬ ተባሉ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ፕላኑ ገና አልተፈጸመም። ነጻ የወጣው ሕዝብ ለመለያየት የተሠመረውን መሥመር ተሻግሮ በካዛንችስ ቪላዎች ጓሮ ጭቃ ቤቱን ሠራ፤ የአገሬው ሰው እንዲገለልበት የታሰበው መርካቶም የአገሪቱ ትልቁ ገበያ ሆነ።

ከነጻነት በኋላ ፕላን በፕላን ላይ ተደረበ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ ቀጥሎ ቦልተን ሄነሲና ባልደረቦቹ፣ ከዚያም በ1957 ዓ.ም. ግድም ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ንድፋቸውን አቀረቡ። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መመሥረት ለከተማዋ አህጉራዊ ክብር ስለሰጣት ሰፋፊ ጎዳናዎችና ታላላቅ ሕንጻዎች ተሠሩ። ከጎዳናዎቹ ፊት በስተጀርባ ያለው ግን ሌላ ነበር። የከተማው ቦታ በጥቂት ባለርስቶች እጅ በመሆኑ ባለቦታው በግቢው ውስጥ ክፍል በክፍል የተያያዙ ትናንሽ ቤቶችን ደርድሮ ያከራይ ነበር፤ ከገጠር ለሥራ የሚመጣው ሁሉ የሚገባው በእነዚህ ነበር። መጸዳጃው ለብዙ ቤተሰብ አንድ፣ ውኃው ከቦኖ፣ ኪራዩ በየወሩ።

ይህን ሁኔታ በአንድ ቀን የለወጠው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር የሚደርስ ቦታ ብቻ ተፈቀደ፤ ዝቅተኛ ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ፤ ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች በቀበሌ እንዲተዳደሩ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር እንዲሆኑ ተወሰነ። የቀበሌ ቤት የተወለደው እንዲህ ነው። ለተከራዩ የተገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም፤ ባለቤቱ ሲቆጣ ዕቃ ከሚጣልበት ዘመን ወጥቶ ልጆቹን በአንድ ቦታ አሳደገ፤ ዕድሩም እቁቡም ሥር ሰደደ። በአንጻሩም ቤቱን ማንም የማይጠግነው ሆነ። ቀበሌው ከሚሰበስበው ጥቂት ብር ኪራይ ለእድሳት የሚተርፍ አልነበረውም፤ ተከራዩም ያለ ፈቃድ ምስማር መምታት አይችልም ነበር፤ ቢያድስም የሚያድሰው የራሱ ያልሆነውን ነው። የከተማው ሕዝብ በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ፣ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ 2 ሚሊዮን 100 ሺህ ያህል ሲሆን፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከከተማው ቤቶች ከሦስት እጅ አንዱ ያህል የቀበሌ ቤት ሆኖ ቆየ። ተከራዩ ልጁን ሲድር ከግድግዳው ጎን ሌላ ክፍል ቀጠለ፤ ደባል አስገባ፤ ደባሉም ደባል አስገባ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሥራ መነሣት አለበት። በደርግ ዘመን በተክለ ሃይማኖት አካባቢ በዓለም ባንክ ድጋፍ የሠፈር ማሻሻያ ተሞክሮ ነበር። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በወይዘሮ ጀምበር ተፈራ የተመራው የተቀናጀ የከተማ ልማት ፕሮጀክት በድሃ ቀበሌዎች ውስጥ ነዋሪውን ሳያነሣ መሥራት ጀመረ። ያዘነበሉ ቤቶች ተቃኑ፤ የጋራ ማእድ ቤትና መጸዳጃ ተሠራ፤ የእግር መንገዱ ድንጋይ ተነጠፈበት፤ ጎርፉ መውረጃ ተበጀለት፤ ጎን ለጎንም የጤና፣ የትምህርትና የገቢ ማስገኛ ሥራ ተከናወነ። የግንባታው ዋጋ አነስተኛ፣ የሚጠይቀው ትዕግሥት ግን ከፍተኛ ነበር። በየጠባቡ መተላለፊያ እየገቡ ቤት ለቤት መለካት፣ ከዕድር ዳኞች ጋር መመካከር፣ የትኛው ግድግዳ ይድናል የትኛው አይድንም ብሎ መወሰን የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ተመርቆ ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ አይደለም። እንዲህ ያለው አሠራር የከተማው ዋና መንገድ ሳይሆን የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት የቦታ ዋጋ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80/1986 የከተማ ቦታን በጨረታና በምደባ ለተወሰነ ዘመን ለሚከራይ ሥርዓት ዳረገ። መሬቱ እንደ ቀድሞው የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ፣ የመጠቀም መብቱ ግን ገበያ ላይ ወጣ። በዚህ ጊዜ አንድ ያልታሰበ ነገር ታየ። ለመቶ ዓመት ድሃው በጌታው አጥር ሥር፣ ከግቢና ከገበያ አጠገብ ሠፍሮ በመኖሩ፣ የከተማዋ ውድ ቦታ ሁሉ የተያዘው በርካሹ ቤት ነበር። በቤተ መንግሥቱ ሥር በ1990 ዓ.ም. የተመረቀው የሸራተን ሆቴል ሲሠራ በቦታው የነበሩ ነዋሪዎች መነሣታቸው የሚመጣውን ያመለከተ ነበር። በ1990ዎቹ የተሠራው 33 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የቀለበት መንገድም ሠፈርን ከሠፈር ከፈለ። አብዛኛው ሰው በእግሩ በሚሄድበት ከተማ ለመኪና ፍጥነት የተሰላ አጥር መካከል ለመካከል ሲቆም፣ ቀድሞ በሁለት ደቂቃ ወደሚደረስበት ወፍጮ ቤት ለመሄድ ድልድይ ፍለጋ መዞር ግድ ሆነ።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር የመጣው ለዚህ ሁሉ መልስ ሆኖ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ በቦሌ ገርጂ የሙከራ ሕንጻዎች ተሠሩ፤ ወዲያውም ሥራው በከተማ አስተዳደሩ ተስፋፋ። ለቤት ፈላጊዎች በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. የተመዘገበውም ከዚህ በእጅጉ በለጠ። ከምህንድስና አንጻር ሲታይ ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ወለሉ በተገጣጣሚ የኮንክሪት ተሸካሚዎችና በመካከላቸው በሚደረደር ብሎኬት በመሠራቱ የሣጠራ እንጨትና የብረት ፍጆታው ቀነሰ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ማኅበራት ብሎኬት ማምረትን፣ ብረታ ብረትንና የቧንቧ ሥራን ተለማመዱ፤ ብዙ የቀን ሠራተኞችም ባለሙያ ሆኑ። ከዕጣውም 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ መሰጠቱ ለብዙ እናቶች የመጀመሪያው በስም የተመዘገበ ንብረት ሆነ። ይህን መካድ ተገቢ አይደለም።

ጥያቄው የሚነሣው ከሕንጻው ሳይሆን ከቦታውና ከሒሳቡ ነው። ቦታ በርካሽ የሚገኘው ከከተማው ዳር በመሆኑ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ ተሠሩ። ክፍያው በ20/80 መርሐ ግብር ዋጋውን 20 በመቶ ቀድሞ መክፈልን፣ ቀሪውን በባንክ ብድር በዓመታት መጨረስን የሚጠይቅ ነው። ለዝቅተኛ ገቢ የታሰበው 10/90 ደግሞ ኋላ መጣ። በወር የታወቀ ደመወዝ ያለው ሰው ይህን ይችለዋል። ዛሬ አግኝቶ ነገ የሚያጣው ተሸካሚ፣ ጉሊት የምትሸጥ እናት፣ ልብስ አጣቢዋ ግን ቁጠባቸው በባንክ ሳይሆን በእቁብ ነው፤ እቁቡም ያለው በሠፈር ነው። በመሆኑም ዕጣ የደረሳቸው ብዙዎች ቤቱን አከራይተው በኪራዩ የባንኩን ዕዳ እየከፈሉ ራሳቸው ከዚያ ወደሚረክስ ቤት ገቡ። ይህ ሁኔታ ብልሹነት ተብሎ ሲወቀስ ይሰማል። ሒሳቡን ለሠራ ሰው ግን አስተዋይነት ነው።

የልደታ ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከፍርድ ቤቱና ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የነበረው ሠፈር በሙሉ ተነሥቶ በቦታው የጋራ መኖሪያ ቤቶችና የንግድ ሕንጻዎች ሲተኩ፣ ነዋሪው በሦስት ዓይነት ተመደበ። የግል ቤት ያለው ለቤቱ ካሳና ምትክ ቦታ ተሰጠው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ቅድሚያ የኮንዶሚኒየም ዕድል እንዲመርጥ ሆነ፤ ቅድመ ክፍያው የከበደው አሮጌውን መረጠ። ደባሉ ከየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። የዚያን ጊዜው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455/1997 የሚያስበው በቦታው ላይ ያለውን ንብረት መልሶ ለመተካት የሚያስፈልገውን ወጪ ነው። የሚለካው ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ በርና መስኮት ነው። በበሩ ፊት እንጀራ ስትሸጥ ሁለት ልጆች ያስተማረች ሴት፣ ከቤቱ ይልቅ በሩ ፊት ያለው መተላለፊያ ንብረቷ እንደነበረ በሠንጠረዡ ውስጥ የሚገባበት ዓምድ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለባለሙያ ትምህርት ያለው ነው። ከመሐል ተነሥቶ ጀሞና ሌሎች ዳር ቦታዎች የገባው ሰው ለሥራ በየቀኑ ታክሲ ተሳፈረ፤ ቀድሞ በእግሩ ይሄድ የነበረው አሁን ከቀን ገቢው ቆርሶ ለመጓጓዣ አዋለ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ቀላል ባቡር ለአንዳንዱ አቃለለለት፤ ባቡሩ ወደማይደርስባቸው አዳዲስ መንደሮች የሄደው ግን አልተጠቀመም። በሕንጻዎቹ መካከል እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበትና በርበሬ የሚደለዝበት የጋራ ቤት በንድፉ ውስጥ መካተቱ የነዳፊዎቹን አስተዋይነት ያሳያል። ይሁንና አራተኛ ፎቅ የምትኖር ሴት ሊጥ ተሸክማ መውረድ፣ ተራ መጠበቅና ለማገዶ ጢስ ከጎረቤት ጋር መከራከር ሲኖርባት፣ የጋገረችውንም የሚገዛ መንገደኛ በሌለበት፣ ሥራው ቀረ። ዕድሩም ተበተነ፤ ግማሹ ጀሞ፣ ግማሹ ጎፋ፣ ግማሹ የት እንደ ገባ የማይታወቅ ሲሆን፣ ለቀብር የሚመጡት ከከተማው ማዶ ሁለት ታክሲ ይዘው ነው። አንዳንድ ዕድሮች ግን አሮጌውን መዝገብ ይዘው፣ ድንኳኑን በጭነት መኪና እያዘዋወሩ እስካሁን ቀጥለዋል።

የከተማው ዳር ባዶ አልነበረም። አዲስ ሕንጻ የበቀለበት መሬት የገበሬ እርሻ ነበር፤ ገበሬውም በካሳ ተነሥቶ ብዙ ጊዜ የዘበኝነትና የቀን ሥራ ፈላጊ ሆነ። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ያስነሣው ተቃውሞ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቶበት በ2008 ዓ.ም. ጥር ፕላኑ መሠረዙ የዚህ ጉዳይ ክብደት ምን ያህል እንደሆነ አሳይቷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ ረጲ አጠገብ ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሟቾቹ ከክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ የነበሩ ናቸው። የከተማ ቦታ ዋጋ ሲንር ድሃው የሚገፋው ወደ ዳር ብቻ አይደለም፤ ማንም ወደማይፈልገው ቦታ ሁሉ ነው። ወንዝ ዳር፣ ገደል ሥር፣ ቆሻሻ ግርጌ።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቀደሙት ሁሉ በፍጥነቱ ይለያል። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንችስም በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በጥቂት ወራት ውስጥ ገጽታቸው ተለወጠ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መሥመር፣ ከመሬት በታች የተቀበረ የመብራትና የስልክ ገመድ፣ የፍሳሽ መሥመር ተሠርቷል፤ አንድ መሐንዲስ ለዓመታት ሲመኘው የኖረው ነገር ብዙው በዚህ ውስጥ አለ። ከካዛንችስ ከተነሡት ብዙዎቹ ገላን ጉራ በተባለው ቦታ ውኃና መጸዳጃ ያለው ቤት ገብተዋል፤ ከቀድሞው የቀበሌ ቤት ጋር ሲነጻጸር በቤትነቱ እንደሚሻል አያከራክርም። የሚያከራክረው ጊዜው ነው። ማስታወቂያውና ማፍረሱ እጅግ በመቀራረባቸው ብዙ ቤተሰብ የልጁን ትምህርት ቤት፣ የሱቁን ደንበኛና የሥራ ቦታውን ሳያስተካክል ዕቃውን ጫነ። አንድ የውኃ ማስወገጃ ቱቦ ከመቀበሩ በፊት የአፈሩ ጠባይ ይመረመራል፤ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ይሰላል። ሰው ወዴት እንደሚሄድ ለማስላትም ቢያንስ የዚያን ያህል ቀን ያስፈልጋል።

በሕጉ በኩል አንድ ለውጥ አለ። የቀድሞውን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከንብረት ካሳ ሌላ የኢኮኖሚ ጉዳት ካሳና «የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ» ካሳ የሚባል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አስገብቷል። የዕድር፣ የጎረቤትና የደንበኛ መበተን በገንዘብ የሚታሰብ ጉዳት መሆኑ በአዋጅ ታወቀ ማለት ነው። አሁን የቀረው የአሠራር ጥያቄ ነው፦ የግምት ቡድኑ ሜትር ዘርግቶ ግድግዳውን ከለካ በኋላ፣ በበሩ ፊት ባለው መተላለፊያ ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፍ፣ የደባሉንም ስም በየትኛው ተራ ቁጥር እንደሚያሰፍር።